ጭቃው ውስጥ ከሰል ጨምሩበት

ከቡሬ ገጠር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። መሬቱ ለአምስት ወንድማማች አልበቃ ብሎ ነበር። ከእናቴ ጋር ጎተራ ስንመርግ ውለን እጇ እበት በእበት ስለነበር በክንዷ ብቻ አቀፈችኝ። በረሃውንና ባሕሩን አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አይለፍበት።

ጀርመን ገብቼ የስደተኞች ቢሮ ስቀርብ ሴትዮዋ "ሙያ?" አለችኝ።

"ቤትና ጎተራ መምረግ።"

"ቅጹ ላይ የለም።"

"እኔ ግን አለሁ!" አልኳት። "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ሸኘችኝ።

"ሌላ" ሆኜ ዴፖኒ ተቀጠርኩ። ዴፖኒ የከተማ ቆሻሻ የሚቀበርበት ጉድጓድ ነው፤ መርዙ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንዳይወርድ ወለሉ በሸክላ አፈር ይደለደላል። አፈሩ እንደ እኛ ቀይ አይደለም፣ አመድማ ነው። ዝናቡም እንደ ሐምሌያችን ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል። እኔ ደግሞ ባዶ ጭቃ አላምንም። ለሙከራ በተሰጠኝ ቁራጭ መሬት ላይ ከጎረቤት በረት እበት አምጥቼ አቦካሁበት። ሼፉ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ "ይበሰብሳል!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ግን ሳቀ።

"ሐሳብህስ ልክ ነው። ሸክላ ውኃ ይገታል፤ ቤንዚንና ፀረ-ተባይ ግን ቀስ እያለ ያልፈዋል። የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። እኛ የከሰል ዱቄት እንጨምራለን።"

ከሰል! ከአዊ እስከ ቡሬ መንገድ ዳር ተከምሮ የሚውለው ከሰል!

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። ከመንደራችን ምንጭ በላይ ለከተማው ቆሻሻ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው፤ የጋራዥ ዘይትና የፀረ-ተባይ ጠርሙስ ሳይቀር ሊጣልበት። የቀበሌውን ሊቀመንበር አገናኚኝ አልኳት።

"ወንድምዓለም፣ ጭቃ ደልድለናል። ውኃ አፍስሰን ሞክረናል፣ ጠብ አላለም" አለኝ።

"ቤንዚንስ አፍስሳችኋል?"

"ጀርመን ተቀምጠህ የቡሬን ጭቃ ልታስተምረን ነው?"

"ምንጩን የምትጠጣው እናቴ ናት! አስተምራለሁ!"

ዘጋብኝ። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሣልስቱም ደወልኩ። አላነሳም። የከሰሉን ነገር ለእናቴ ነገርኳት።

ትናንት እናቴ ራሷ ደወለች። የመንደሩ ሴቶች ከአዊ ከሰል አክሳዮች የተረፈ ድቃቂ በጆንያ አስጭነው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ከሰሉ ከጭቃው ጋር ካልተቦካ አንወጣም ብለዋል። ከኋላዋ ሳቅና ጫጫታ ይሰማኛል፤ ደስ አለኝ።

"መርዙን ያስቀረዋል፣ ልጄ?"

"አያስቀረውም እማ፤ ያዘገየዋል።"

"እስክትመጣ ያዘገየዋል?"

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተወሰነም። መቼ እንደምመጣ አላውቅም።

"በደንብ ርገጡት" አልኳት።