የእትዬ የሺ ዳቦ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም መሻሬን ነግሬአቸዋለሁ፤ መዋሸቴን ነግሬአቸዋለሁ፤ በንዴት እናቴን መሳደቤን ሳይቀር ነግሬ ሰግጄበታለሁ። ይህቺን ግን ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው። በእንግሊዝኛ ብጽፈውማ የበለጠ ይቀለኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁሌም ጥሩ ሰው ነኝ። በደሉን የፈጸምኩት ግን በአማርኛ ነው።

ሎንዶን የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ነገሩ ሲሆን ከእናቴ ጋር ኤድመንተን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እሷ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ከዋናው ትምህርት ጎን ማይነር የሚሉት አነስ ያለ ሁለተኛ ትምህርት መያዝ ይቻል ነበርና የአይሁድን ታሪክ፣ አስተሳሰብና ባህል መረጥኩ። ለእውቀት ጓጉቼ እንዳይመስላችሁ፤ የክፍሉ ሰዓት ከሱቅ ሥራዬ ጋር ስላልተጋጨ ነው። ከገባሁበት በኋላ ግን ወደድኩት። በአንዲት ጥቅስ ላይ ሊቃውንት ሲከራከሩ፣ የተሸነፈውም ሐሳብ ከአሸናፊው ጎን ተጽፎ ሲቀመጥ አየሁና ገረመኝ። እኛ ቤት የተሸነፈ ዝም ነው የሚለው።

እትዬ የሺ ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በደርግ ዘመን የመጡ ናቸው፤ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቆሟል፤ የሱፐርማርኬቱን ዘበኛ "አብዮት ጠባቂው" ነበር የሚሉት። የእናቴ የማርያም ማኅበር በወር አንዴ ሲሰበሰብ፣ ተረኛዋ ማንም ትሁን ማን፣ ድፎ ዳቦውን የሚጋግሩት እሳቸው ነበሩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሴቶቹ በፖለቲካ ተኳርፈው፣ ግማሾቹ ከግማሾቹ ጋር ሰላምታ አቋርጠው ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ፊታቸውን አዟዙረው ከአንድ ዳቦ ይበሉ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከክፍል ስመለስ ዕቃቸውን ተሸክሜላቸው ቤታቸው ገባሁ። ምን እንደምማር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው "እናቴ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ታጠፋ ነበር" አሉኝ። "ቅዳሜን ሙሉ ቤታችን እሳት አይነድም።" የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ሸክላ ሠሪ። በልጅነታቸው ከተማ ወስዳ ያሳደገቻቸው ሴት ክርስትና አስነሳቻቸው፣ ስማቸውንም ለወጠች፤ እስከዚያች ቀን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ፣ ይልቁንም ፈላሻ እየተባለ የሚሰደበው ሕዝብ፣ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል ኖሯል።

"ባንቺ ይቅር፣ ልጄ" አሉኝ። "እንዲያው ይህን የሚማር ሰው በማየቴ ደስ ብሎኝ ነው።"

በኔ አልቀረም።

እናቴ ማይነሬን አትወደውም ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ "የሰው ታሪክ ምን ያደርግልሻል? ነገ ሥራ አፕላይ ስታደርጊ በዚህ ነው የሚቀጥሩሽ?" አለችኝ። ክርክር ነበር፤ ማሸነፍ ፈለግኩ። "የሰው አይደለም፣ እዚሁ ምድር ቤት ያለ ነው" አልኳትና የእትዬ የሺን ነገር ዘረገፍኩት። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አሸነፍኩ። ይሄ ምን ዓይነት ድል ነው? ምስጢሩን ያወጣሁት ሰክሬ አይደለም፤ ተገድጄም አይደለም፤ እራት ላይ ትክክል ለመሆን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እናቴ ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነገረች፤ ጓደኛዋም እንዲሁ ለአንዲት ብቻ።

የሚቀጥለው ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ማለዳ ገብቼ ከምሠራበት ሱቅ፣ ቁርስ እንኳ ሳልበላ ስመለስ ሴቶቹ ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ እንደወትሮው ዳቦውን በትሪ ያዞራሉ። የመጀመሪያዋ "ሆዴን ነፋ አድርጎኛል" አለች። ሁለተኛዋ ስኳር አለብኝ፣ ተከልክያለሁ አለች። ሕፃን የታቀፈችው የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ጉድ እኮ ነው! በምርጫ የተኳረፉት ሁሉ በዚህ ተስማሙ። እናቴ ሳህን ላምጣ ብላ ኩሽና ገባች፤ አልወጣችም።

በዚያው ሳምንት ለክፍሌ ያስረከብኩት ጽሑፍ ስለ ምን ነበር መሰላችሁ? በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ አይሁዶች የውኃ ጉድጓድ መረዙ ተብሎ ስለተነዛባቸው ወሬ ነበር። ሰው የገዛ ጎረቤቱን እንዴት እንዲህ ይጠረጥራል ብዬ፣ በሚያምር እንግሊዝኛ ተገርሜ ነበር።

ትሪው እኔ ዘንድ ደረሰ።

"እንኪ ልጄ፣ አንቺ እንኳ ቅመሺልኝ" አሉኝ።

"በኋላ እበላለሁ፣ እትዬ" አልኩ።

ለምን? ሴቶቹ ያዩኛል ብዬ? እሱም አለበት። ግን ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት እውነቱን ልናገር ብዬ ነው፤ ፈራሁ። ዳቦውን ፈራሁት። ልጅ ሆኜ የሰማሁት የዓይንና የቡዳ ወሬ፣ ሁለት ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ቀድሞ እጄ ላይ ደረሰ። እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩት። ያንን ዳቦ እየበላሁ ያደግኩ ነኝ እኮ! ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዳቦውን ያልበላሁትም እኔ ነኝ። ከሁለቱ የቱ ይከፋል? ሁለተኛው ይመስለኛል። ምስጢሩ ሲወጣ አፌ ቀድሞኝ ነው፤ ዳቦውን ግን አስቤ ነው የተውኩት።

እትዬ የሺ ዳቦውን ባመጡበት ጨርቅ መልሰው ሸፈኑት። ነጠላቸውን ይዤ እስከ በሩ ተከተልኳቸው። ማን እንደተናገረ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ የነገሩት ለኔ ብቻ ነው። ነጠላውን ተቀበሉኝና "እኔ እኮ መማርሽ ደስ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ!

ከዚያ ወዲያ ማኅበር አልመጡም። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት ቀይረው ወደ ሌላ የሎንዶን ሰፈር፣ ወደ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እኔ ተመረቅኩ። የማይነሬ ውጤት ከኢኮኖሚክሱ በልጦ ተገኘ፤ እናቴም የምረቃ ፎቶዬን ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያ ትምህርት ያልረሳሁት አንድ ነገር አለ፦ ሰው በሰው ላይ የሠራውን በደል፣ የተበደለው ራሱ ይቅር እስኪል ድረስ፣ የስርየት ቀን ጾምም አያስተሰርየውም። ስለዚህ ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ እናንተ የምትሰጡት አይደለም። ወደ እሳቸው የሚወስደውን አውቶብስ አውቀዋለሁ። እስካሁን አልተሳፈርኩበትም።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልል፣ የገዛ ጽሑፌ ይመሰክርብኛል። ጠግቤ ነበር እንዳልል፣ ከነጋ እህል አልቀመስኩም። ዳቦው ትኩስ ነበር፤ እኔም ርቦኝ ነበር።