ስመ ብዙው ፍራሽ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜ ሁለት እጆች እስከ ክርናቸው ወጥ ቤቴ ሰሃን ማጠቢያ ውስጥ ነበሩ። በቀኙ ፒንሳ ይዞ፣ በግራው የቧንቧውን አንገት አንቆ፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል። ሸሚዙ እንዳይረጥብበት እጅጌውን ጠቅልሎ በእኔ የልብስ መቆንጠጫ አስይዞታል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ። ጠግንልኝ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሻይ ሊጠጣ ገብቶ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ሰምቶ፣ «ይቺማ የደቂቃ ሥራ ናት እትዬ» ብሎ ራሱ ተነሣ፤ ዋናውን የውሃ መዝጊያም ዘጋ።

እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ጭንቅ ሲይዘው ዕቃ መፍታት ይወዳል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ሆስፒታል የገባች ጊዜ የግድግዳ ሰዓቴን ፈታው። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ አድጎም ሥራ ያዘ፤ ሰዓቴ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ቧንቧዬ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጋዜጣ ላይ ሲጋደም ሳይ፣ ለቧንቧው ሳይሆን ለወንድሜ ፈራሁ።

ይህ ወንድሜ በፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ የጭነት ክፍል ኃላፊ ነው። ጎረቤቱም ባልደረባውም «ይደርሳል» ይለዋል። ነጋዴ ደውሎ «ፍራሼ የት ቀረ?» ሲለው፣ «ይደርሳል»። ሹፌር መጥቶ «ጎማዬ ተንፍሷል» ሲለው፣ «ይደርሳል»። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ይደርስ ነበር፤ ምክንያቱም መኪናው ላይ ራሱ ወጥቶ ሸራውን ይወጥራል፣ ገመዱንም ራሱ ያስራል። የስፖንጅ ፍራሽ ቀላል ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ንፋስ ሲነሣ አላየውም። በደንብ ካልታሰረ ከመኪናው ላይ ተነሥቶ የሰው ጣራ ላይ ያርፋል።

እናታችን ያሳደገችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው። እኔ ምክሯን በግማሽ ሰማሁ። እሱ ግን ሙሉውን ዋጠው። «ጨው አበድረኝ» ያለው ሰው የጨው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሚስቱ «እኔንም ያገባኝ እኮ እምቢ ማለት ከብዶት ነው» ትላለች፤ እሱም «እሺ» ይላታል።

ነገሩ የተጀመረው ፋብሪካው ትልቅ ሲስተም ሊያስገባ ሲወስን ነው። ሽያጩ፣ መጋዘኑ፣ ግዢው፣ ደመወዙ፣ ሁሉም በአንድ ኮምፒውተር ሊተዳደር ነው ተባለ። ማን ይምራው? የሽያጭ ኃላፊዋ በሒሳብ ኃላፊው አልመራም አለች፤ እሱም በእሷ አልመራም አለ፤ የመጋዘኑ ሹም በሁለቱም አልመራም አለ። ሦስቱም ያለ ክርክር የተስማሙበት አንድ ሰው ወንድሜ ነበር። ከኮምፒውተር ጋር የነበረው ትውውቅ እንደ ሩቅ ጎረቤት ነው፤ በእጁ ሰላም ይለዋል እንጂ ደጁን ረግጦ አያውቅም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን «ሥራው እኮ ማስተባበር ነው» ብለው ሻንጣቸውን አንሥተው ለጉዞ ወጡ።

ያን ዕለት ወንድሜ ክራቫት አስሮ ቤቴ መጣ። ሚስቱ ከኋላው ገባችና፣ «እትዬ፣ የራሱን ካልሲ ጥንድ ማስተባበር ያቃተው ሰውዬ ፋብሪካ ሊያስተባብርልሽ ነው» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን። ሞቅ ያለ ሳቅ ነበር፤ ደስ ብሎን ነበርና።

ከዚያ ልመናው ጀመረ። የሽያጭ ኃላፊዋ ሲስተሙ የደንበኞችን የልደት ቀን እንዲያስታውስላት ፈለገች። «ይጨመራል» አላት። የሒሳብ ኃላፊው እያንዳንዱ ወረቀት ሳይፈርምበት ከቦታው እንዳይነቃነቅ ፈለገ። «ይጨመራል»። የመጋዘኑ ሹም ደግሞ ማንም ሳይፈርም ዕቃ በአስቸኳይ የሚወጣበት መንገድ ይኑር አለ። «እሱም ይጨመራል»። ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ወንድሜ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ብቻ ከሁለቱ ሰዎች አንዱን ማስቀየም አልሆነለትም።

ሲስተሙን ከሚሠራው ድርጅት የተላከች አንዲት ባለሙያ ነበረች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ልጅ። አንድ ጊዜ ቤቴ ይዟት መጥቶ ሻይ አጠጣኋት። እሷም ሻይዋን እያማሰለች፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ እምቢ ይበሉልኝ» አለችው።

«ማንን?» አላት።

«ማንንም። ከፈለጉ ከእኔ ይጀምሩ።»

«አንቺንማ እንዴት ብዬ የኔ ልጅ!» አላት፤ ልጅቷም ሻይዋን ትታ ግንባሯን ያዘች። የእሷ አለቆች ግን በየጭማሪው አዲስ ውል ስለሚፈርሙ የወንድሜን ጠባይ እጅግ ያመሰግኑት ነበር።

የባሰው የፍራሹ ነገር ነው። ፋብሪካው ከሁሉ አብልጦ የሚሸጠው አንድ ትልቅ ፍራሽ አለ። የሽያጭ ሰዎች «የሙሽራ» ይሉታል። መጋዘን ውስጥ «ትልቁ» ነው። ስፖንጁን የሚቆርጡት «ወፍራሙ» ይሉታል። ሒሳብ ክፍል ስም አያውቅም፣ በቁጥር ይጠራዋል። የወንድሜ ጭነት ክፍል ደግሞ አንድ ሰው ስለማይችለው «የሁለት ሰው ሸክም» ይለዋል። ሲስተሙ አንድ ስም ይፈልጋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል «የኛ ነው ትክክሉ» አለ። ስብሰባው ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሰዓት በኩርፊያ አለቀ። ወንድሜ ምን አደረገ? ለሁሉም እሺ አለ። አምስቱም ስም ይግባ! እንዲህ ሆኖ አንድ ፍራሽ አምስት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሰዎቹም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ማታ መጥቶ «ሰላም አወረድኩ እትዬ» አለኝ። እኔም ምንም ስለማላውቅ «ጎበዝ» አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ ወንድሜ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰሌዳ አሰቅለው ነበር። በየሥራው ስም ትይዩ ክብ ማግኔት ይለጠፋል፤ መልካም ከሄደ አረንጓዴ፣ ከዘገየ ቢጫ፣ ከተበላሸ ቀይ። በየሳምንቱ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ያስገቡና፣ «አረንጓዴ ነው?» ይላሉ። «አረንጓዴ ነው» ይላል ወንድሜ። «ጎበዝ!» በሩ ይዘጋል። አንድም ቀን ወንበር ስበው ተቀምጠው አያውቁም። ወንድሜም ቢጫ ቢለጥፍ ሰው ይደነግጣል ብሎ ፈራ። ቀዩማ ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ያቺ ባለሙያ እውነተኛ ትእዛዝ አስገብታ ሲስተሙን ሞከረችው። «የሙሽራ ፍራሽ» ብላ ብትጠይቀው፣ የለም አላት። መጋዘኑ ግን በዚያው ፍራሽ እስከ ጣራው ታጭቆ ነበር፤ ሲስተሙ የሚያውቀው «ትልቁ» ብሎ ነዋ! ይህ ሳያንሰው፣ ትጉህ ነውና፣ ስላለቀ ቶሎ ይመረት ብሎ ለቆራጮቹ አዲስ ትእዛዝ ላከ። ትእዛዙ ደግሞ የሒሳብ ኃላፊውን ፊርማ እየጠበቀ ቆመ። የመጫኛ ወረቀት አልወጣም። ወረቀት ካልወጣ መኪና አይጫንም፤ መኪና ካልተጫነ ደግሞ ጫኝና አውራጆቹ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፤ የሚከፈላቸው በጫኑት ልክ ነውና። ወንድሜ ሥራ የጀመረው ከእነሱ ጋር ፍራሽ ተሸክሞ ነው።

የሲስተሙ ምረቃ ደግሞ ሰኞ ነው። እንግዶች ተጠርተዋል። እስከ ዛሬ ዕቃው የሚመዘገብባቸው የድሮዎቹ ካርዶች በዚያው ቅዳሜ ተጭነው ሊወገዱ ነው። እነሱ ከሄዱ መመለሻ የለም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ፊቱን ወደ ቧንቧው አዙሮ ነው።

«ታዲያ ሰኞ ይደርሳል?» አልኩት።

ያቺ ቃል አልወጣችለትም። ፒንሳውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው።

«አንዱን ስም መርጣችሁ አትጠሩትም ወይ?»

«የማንን ልምረጥ? የሽያጯን ብል የመጋዘኑ ያኮርፋል፤ የመጋዘኑን ብል...»

«ያኩርፉ እንግዲህ። ኩርፊያ ያልፋል።»

«አንቺ አታውቂያቸውም እትዬ። ለሥራ አስኪያጁ ብነግራቸው ደግሞ ያባርሩኛል። እስከ ዛሬ አረንጓዴ እያልኩ!»

«ባትነግራቸውስ?»

የቧንቧውን ቁራጭ አንሥቶ ያገላብጥ ጀመር። እኔም ከዚህ በላይ መናገር አልችልበትም። እናታችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትል እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ግን በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ላይ ተረት መደርደር ደስ አይለኝም።

በመጨረሻ የቧንቧውን ሆድ በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጎማዋ ናት ያለቀችው» አለ። የውሃውን መዝጊያ እንደተዘጋ ተወው። «ብሎን ቤት ደርሼ ጎማ ገዝቼ መጣሁ። ይደርሳል እትዬ፣ ምሳ ሳትሠሪ!» ብሎ ወጣ። መቆንጠጫዎቼን እጅጌው ላይ እንደሰካ ነው የሄደው። ከመስኮት ብጣራ አልሰማኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእሱም ከባለሙያዋም ሰምቻለሁ። ወደ ብሎን ቤቱ ሲሄድ በፋብሪካው በር ያልፋል። በሩ ላይ ጫኝና አውራጆቹ የካርድ ሣጥኖቹን መኪና ላይ እያወጡ ደረሰ። አንዱ ሽማግሌ ጫኝ ላቡን እየጠረገ፣ «ይደርሳል! ሰኞ እኮ ማሽኑ ራሱ ሊጭንልን ነው አሉ። እኛ ቁጭ ብለን ልንበላ ነው?» አለው። ሌሎቹ ሳቁ።

ወንድሜ አልሳቀም። «አውርዱት» አላቸው።

«አሁን እኮ ነው የጫንነው፣ በሞቴ! ማን ነው አውርዱ ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ደረጃውን ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በወንድሜ ቢሮ ውስጥ ከሽያጭ ኃላፊዋ ጋር ለምረቃው ሪባን እየመረጡ ነበር፤ ባለሙያዋ ጥግ ላይ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። ወንድሜ ሰላምታም ሳይሰጥ መሳቢያውን ከፈተ፣ የቀይ ማግኔቶቹን ፕላስቲክ በጥርሱ ቀደደና አረንጓዴዎቹን እያነሣ በቦታቸው ቀዩን ይለጥፍ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«ቀለሙን እያስተካከልኩ ነው።»

«ትናንት እኮ አረንጓዴ ነበር!»

«ትናንትም ቀይ ነበር። አረንጓዴ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሲስተሙ ለሰኞ አይደርስም፤ ብንከፍተው አንድም መኪና አይወጣም።»

የሽያጭ ኃላፊዋ ሪባኑን ጣለች። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ሰሌዳውን መሰለ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው። እርስዎም በሩ ላይ ነው የሚጠይቁኝ፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ቢገቡ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ፣ «እጅጌህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉት።

ዝቅ ብሎ አየ። «የእህቴ የልብስ መቆንጠጫ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ግን ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉ። «ለእንግዶቹስ ምን ልንላቸው ነው?»

«እኔ እደውልላቸዋለሁ» አለ ወንድሜ። ደወለም። ለእያንዳንዱ እንግዳ «አይደርስም» እያለ ነገረ። ቃሏ መጀመሪያ ላይ ትመረው ነበር አሉ፤ ወደ መጨረሻው ግን እየጣፈጠችው ሄደች።

አልተባረረም። ሲስተሙን የመምራት ኃላፊነቱን ግን ተነጠቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈበት። ሥራውን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ያዙት። ለጊዜው መጋዘኑ ብቻ ይጀመር፣ ልደቱም ሌላውም ጭማሪ ይቆይ ተባለ፤ ይሳካ አይሳካ እንጃ፣ ገና ነው። ወንድሜንም ከጎናቸው አስቀምጠው፣ «ከእንግዲህ ጭማሪ ይዞ የመጣን ሁሉ እምቢ የምትል አንተ ነህ» አሉት። ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ «እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊት ቢሰጡት ኖሮ ቤታችን ስንት የጨው ዕቃ በኖረን!» አለች።

የፍራሹን ስም መምረጥ ግን በዚያው ቅዳሜ ነው የጀመሩት። የቀሩት ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ፤ ከሽያጭ ኃላፊዋ ጋር ተቀምጠውም ተፋጠጡ። ወንድሜ አምስቱን ስሞች በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ መጀመሪያ የሰረዘው የራሱን ክፍል ስም፣ «የሁለት ሰው ሸክም» የሚለውን ነው። ጫኞቹ ከዚያ ወዲህ ያኮርፉታል፤ እሱም ያኮርፉ ይላል።

እኔ በበኩሌ ምሳዬን ሳልሠራ ጠበቅሁት። አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ» አለኝ፣ ከኋላው ሰዎች ሲከራከሩ ይሰማኛል፣ «ዛሬ አልመጣም።»

«ነገስ?»

«ነገም እንጃ። አይደርስም እትዬ።»

ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ስለ ውሃዬ መጠየቅ ነበረብኝ ብዬ ያሰብኩት። መዝጊያውን እንዳልከፍተው ቧንቧው ሁለት ቦታ ነው፤ ውሃው ወጥ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ከጎረቤት በጆግ እየቀዳሁ ሰሃኔን አጥባለሁ። ቧንቧዬ አሁንም መስኮቱ ሥር ጋዜጣው ላይ ተጋድሟል፣ ፒንሳውም ከጎኑ። ጎማዋ አልተገዛችም፤ መቆንጠጫዎቼም አልተመለሱም።