የእትዬ ነጥብ መነጽር

ጠዋት ጠዋት፣ የማተሚያ ቤቱ ማሽኖች ገና ሳይነሱ፣ እትዬ ነጥብ የብረት ማስመሪያዋን ከመጀመሪያው መስመር ሥር ታጋድምና በጣቷ ጫፍ ወረቀቱን ሁለቴ ታንኳኳለች። ለሚስቅባት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ “የሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም።” ከዚያ የቀይ እስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ትነቅልና ማረም ትጀምራለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ እያንኳኳች ገብታለች።

ስሙን ያወጡላት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። አንዲት ነጥብ ጎደለች ብላ በመዞር ላይ ያለ ማሽን ያስቆመች ዕለት የወጣላት ነው። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ግን እናት አባቷ ባወጡላት ስም ቢጠሯት ዘወርም አትል።

እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንባቢዋ፣ ድምፀ መልካምና ወሬ ወዳድ ባልደረባዋ፣ የደራሲውን ረቂቅ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እትዬ ነጥብ ደግሞ የታተመውን በዓይኗ እየተከተለች ታርማለች። በዚህ ሥራ ብዙ የኖረ ሰው ጆሮው ስለት ያወጣል። እትዬ ነጥብ አንዴ የሰማችውን አትረሳም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያረመችውን የመድኃኒት መግለጫ እንኳ ዛሬ ቢጠይቋት ታንበለብለዋለች።

ጣጣው የመጣው በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነው። በአንደኛው ወር ላይ ዐሥራ ሰባት ሁለት ጊዜ ታተመና ዐሥራ ስምንት የሚባል ቀን ከወሩ ጠፋ።

“በዐሥራ ስምንት የተወለድን ምን ይዋጠን?” አለ ወረቀት ቆራጩ።

“ዘንድሮ ባለህበት ዕድሜ ላይ ቆይ!” አሉት።

እትዬ ነጥብም አብራ ሳቀች። የእርማቱ ወረቀት ላይ ያረፈው ፊርማ ግን የእሷ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራትና ወንበር ሳበላት። ወንበር መሳቡ ራሱ ደስ አላላትም።

“እትዬ፣ ዓይንዎን ይታዩ እንጂ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተማሪዎች የሒሳብ መጽሐፍ ይገባል፤ ቁጥሩ እንደ ሰሊጥ የደቀቀ ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለ… ወረቀት መጋዘኑ ሰው ይፈልጋል። ቀለል ያለ ሥራ ነው።”

“ቀለል ያለ” የሚለው ቃል ከበዳት። ወረቀት መጋዘን ማለት ነጭ ወረቀት መጠበቅ ነው፤ የሚታረም ፊደል የሌለበት አገር።

ከሥራ ስትመለስ ሳሎኗ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የእትዬ ነጥብ ባል ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር።

“አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ሱቅ ነዋ!” አለች እህቷ። “መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ መነጽሩ መቶ ዓይነት። ፊትሽ እኮ ክብ ነው፤ የተገኘው ሁሉ አይሰካበትም።”

“ፊቷን ነው ዓይኗን የምናሳክመው?” አለ ባሏ። “በእኔ መስመር መጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ ደረጃ ሥር አንድ ሽማግሌ አሉ። ሹፌር ሁሉ የሚታየው እሳቸው ዘንድ ነው።”

“ደረጃ ሥር! መጥረጊያ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ አይደል እንዴ?”

“መጥረጊያውን አውጥተውታል።”

እህቷ በክርክር የምትረታ ሰው አይደለችም። በማግስቱ ክንዷን ይዛ ትልቁ ሱቅ አስገባቻት።

የምርመራው ክፍል በመጋረጃ የተከለለ ነው፤ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ደግሞ መጋረጃው ላይ ተለጥፏል። ከእትዬ ነጥብ በፊት ሦስት ሰዎች ገቡ። ሦስቱም የፊደል ሠሌዳውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ አንደኛው ሲሳሳት መርማሪው አረመው። እርማት ስትሰማ ደግሞ የእትዬ ነጥብ ጆሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተራዋ ደርሶ ስትገባ፣ ሠሌዳው ከእሷ ቀድሞ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ፊደሎቹን አየቻቸው? የላይኞቹን አዎ። ከመካከል ወዲያ ያለው ጭጋግ ነበር። ምላሷ ግን ጭጋግ አያግደውም፤ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደችው። አየሁ ብላ ብትምል እንኳ ከልቧ ነው።

“እሰይ የኔ አንበሳ!” አለች እህቷ ከመጋረጃው ውጭ።

ወጣቱ መርማሪ ተገረመ። “የሩቅ ዕይታዎ ከእኔም ይሻላል። ለቅርብ ቀለል ያለ ብቻ ይበቃዎታል።”

ሰሞኑን ቀለል ያለ የሚሏት ሰዎች በዙ።

እህቷ ቀይ ፍሬም መረጠችላት። እትዬ ነጥብ መስታወቱ ፊት ቆመችና፣ “እስክሪብቶዬን መሰልኩ እኮ!” አለች።

“ድሮስ ሌላ ምን ትመስያለሽ!”

መነጽሩ መጣ፤ መከራውም አብሮት መጣ። ሦስትና ስምንት ተቃቅፈው አንድ ሆኑባት። ከቀትር በኋላ ግንባሯን ይወጋት ጀመር። አንባቢዋ አንድ ቀን ማንበቧን አቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እትዬ፣ እየተከተሉኝ ነው ወይስ እየገመቱ?” አለቻት። እትዬ ነጥብ መነጽሩን አውልቃ መወልወል ያዘች።

ለሱቁ ግን የሚሆን አፍ ነበራት። በአውቶቡስ ውስጥ፣ በዳቦ ሰልፍ፣ በእህቷ ፀጉር ቤት፣ የሱቁን ስም ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። “እነዚያ ሰዎች ኮት ቢሰፉ ኖሮ ባንድ እጅጌ ይሸጡት ነበር!” ስትል የሰማት ሁሉ ይስቃል፤ ያምናታልም። እህቷ ብቻ “ተመልሰሽ አስለኪዋ” አለቻት።

“ለምን ተብሎ? የሳትኩት ፊደል አለ?”

የሒሳብ መጽሐፉ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ነጥብ ለማንም ሳትናገር ከባሏ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች። ባሏ በመስታወቱ አያት፤ የት እንደምትወርድ ግን አልጠየቃትም። ብልህ ሰው ነው።

ደረጃ ሥር ያለው ሱቅ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ይዞ ሞልቷል። ሽማግሌው ከሁሉ በፊት ሥራዋን ጠየቋት።

“አራሚ ነኝ።”

“እስቲ ሲያርሙ ልይዎት።”

ከቦርሳዋ አንድ ገጽ አውጥታ ዘረጋችና ማረም ጀመረች። ሽማግሌው እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር መዘዙና ከዓይኗ እስከ ወረቀቱ ለኩ። መብራቷ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ፣ አንገቷን ወዴት እንደምታዘነብል ጠይቀው ሁሉንም በካርድ ላይ ጻፉ። በትልቁ ሱቅ ስለ ፊቷ ቅርጽ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወንበሯ ግን የጠየቃት አልነበረም።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለመብራት ሠሌዳ አበሩት። ያው ሠሌዳ! የዚያኛው መንታ። እትዬ ነጥብ የድሮ ወዳጅ ያገኘች ያህል ልቧ ሞቀ። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። በቃል ስትወርድ ዓይን መጨፈን ልማዷ ነውና ሌላኛውም ሳታውቀው ተከደነ። የመጀመሪያው መስመር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… መሐል ላይ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ሰማች፤ ምላሷ ግን ሩጫ ላይ ነበር። የመጨረሻዋን ፊደል ብላ ዓይኗን ስትገልጥ ክፍሉ ድቅድቅ ብሏል።

“እህቴ፣” አሉ ሽማግሌው ከጨለማው ውስጥ፣ “መብራቱን ካጠፋሁት አራት መስመር አለፈ።”

እትዬ ነጥብ ትንሽ አሰበች።

“ታዲያ የሳትኩት ፊደል አለ?”

“የለም። ግን የእኔ ሥራ ዓይን ነው፤ ጆሮዎ መነጽር አያሻውም።” መብራቱን መልሰው አበሩት። “እስቲ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይምጡልኝ።”

አራሚ ስህተት ሲያሳድድ መስመር ወደ ኋላ ማንበብ ይለምዳል። እትዬ ነጥብ ያንንም አንበለበለችው። ሽማግሌው ሜትሩን ጣል አድርገው በሳቅ ፈረሱ። እሷ መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ደረጃውን የሚወጡ ሰዎች ቆመው እስኪሰሙ ድረስ አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ስለ አግዳሚ ወንበሩና ስለ መጋረጃው ራሷ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ከመሳቢያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ ሠሌዳ አወጡ። “ይኼን እዚህ ቤት ጮክ ብሎ ያነበበው የለም።”

ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰችና አንገቷን ወደ ሠሌዳው አሰገገች። ሽማግሌው አላጣደፏትም።

“አይታየኝም፣” አለች በመጨረሻ። በሥራ ዘመኗ ካፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው።

“ይባረኩ፣” አሉ። “አሁን መሥራት እንችላለን።”

መነጽሩ በስድስተኛው ቀን ደረሰ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የለየለት የሹፌር መነጽር። እህቷ አየችና “ውይ፣ ፊትሽን በላው!” አለች።

“ይብላው። ሦስትና ስምንትን አፋትቶልኛል።”

የሒሳብ መጽሐፉ ገባ። እትዬ ነጥብና አንባቢዋ ሁለት ሳምንት አጎንብሰው ሠሩት፤ ደራሲው ራሱ ያላየውን የመልስ ስህተት ሳይቀር ያዙ። ሥራ አስኪያጁ ታትሞ የወጣውን የመጀመሪያ ቅጂ ሲያገላብጥ፣ በሩ ላይ ቆማ “ለመጋዘኑ ሰው ተገኘ?” አለችው።

“ኧረ መፈለጉንም ትተነዋል፣ እትዬ።”

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ትልቁ ሱቅ ገባች። አግዳሚ ወንበሩ ሰው ሞልቶት ነበር። መርማሪውን አስጠርታ፣ “ስማችሁን በየሰፈሩ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔው ነበር” አለችው፣ ሁሉም እየሰማ። “አንተ ደግሞ ይኼን ወንበር ከመጋረጃው አርቀው፤ ሕዝቡን ሁሉ ታስጠናዋለህ!” ልጁ ወንበሩን ወዲያው ሲገፋ ጫፉን ይዛ አገዘችው።

ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ ይቅር ብላ ለምናለች። ከእሷ በፊት በማተሚያ ቤቱ የአራሚ ወንበር ይቀመጡ የነበሩ፣ ሥራውንም ፊደል በፊደል ያስተማሯት አንድ አዛውንት አራሚ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የሳቷቸውን ሰባት ስህተቶች በቀይ ከብባ ለያኔው ሥራ አስኪያጅ የወሰደችው እሷ ናት። እሷ ወንበሩን አገኘች፤ እሳቸው ወረቀት መጋዘን ገቡ። ጡረታ እስኪወጡ አራት ዓመት ሙሉ፣ በጠረጴዛዋ ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና፣ ቂም በሌለው ድምፅ፣ “ዛሬስ ስንት ያዝሽ፣ ልጄ?” ይሏት ነበር።