ለአራት እጅ የተጻፈ በረዶ

ነቀምቴ የተመደብኩት ፊዚክስ ላስተምር ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ አብረውኝ የሚያስተምሩት ሁሉ ወደየቤተሰቦቻቸው ሄዱ፤ እኔ ወላጆቼ ካረፉ ወዲህ የምሄድበት ቤት ስላልነበረኝ ጨለለቂ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ቀረሁ። ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳላወራ ቀኑ የሚመሽበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያባርረኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ከውስጥ ፒያኖ ይሰማል። በሩን ገፋ አድርጌ ብገባ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ የመዝሙር አስተማሪ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አካም ጂርታ፣ ባርሲሳ?» አሉኝ፤ እንዴት ነህ፣ መምህር ማለታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው መምህር መሆኔን ያውቃሉ።

በልጅነቴ ፒያኖ መማሬን ስነግራቸው አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ። ፊታቸው ያለው ኖታ አንድ የዘመናችን የውጭ አገር ሙዚቀኛ ለሁለት ተጫዋች የጻፈው ነው፤ ስለ በረዶ መውረድ። የላይኛውን እሳቸው፣ የታችኛውን እኔ ያዝን።

ገና በመጀመሪያው ቀን ተከራከርን። እሳቸው በኦሮምኛ ጨቢ የሚሉትን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን የኛን በረዶ አስበው ቁልፎቹን ይደበድባሉ።

«አዴ፣ እዚያ ውጭ አገር የሚወርደው በረዶ ድምፅ የለውም ይባላል» አልኳቸው፤ አዴ እናቴ እንደ ማለት ነው።

«አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። እንግዲያው የምናውቀውን እንጫወት!»

ክረምቱን ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ ተገናኘን። እጆቻችን መሐል ላይ ሲጋጩ እንደ ልጃገረድ ይስቁ ነበር። መስከረም ላይ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለምእመኑ ልንጫወት ተስማማን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጭቃ አዳለጣቸውና ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። እህታቸው አኖ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ወሰዷቸው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሙዚቃውን ላለማንሳት ስለ መንገዱ ብዙ አወራሁ።

«የእኔን የሚይዝ ሰው ፈልግ» ብለው አቋረጡኝ።

«ሲሻልዎት አብረን እንጫወታለን።»

«ይሄ እጅ ማንኪያ ከያዘ ይበቃዋል፣ ልጄ።»

ፈለግኩ። የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች በጆሮው እንጂ በኖታ አይጫወትም። ሌላ ሰው አላገኘሁም። እሑዱ ሲደርስ የራሴን ድርሻ ብቻዬን ተጫወትኩ። የእሳቸው እጅ ብቻ የሚጫወትበት ቦታ ሲመጣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በልቤ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። አንዱ ቦታ ላይ ጥበቃው ሲረዝም ሰዉ አበቃ ብሎ አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁና ቀጠልኩ።

ስወጣ አንድ ሽማግሌ በር ላይ እጄን ይዘው፣ «ባርሲሳ፣ ቆም ቆም የምትለው ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ኖታው እንዲያ ነው» አልኳቸው።

ቤቴ ስገባ ለእሳቸው ልደውል ስልኬን አነሳሁ። «እንዴት ነበር?» እንደሚሉኝ አስቤ መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸው አኖ እንደቀሩ ናቸው። እኔ አሁንም ነቀምቴ ነኝ፤ አዳራሹን ግን ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩትም።