የእናቴ ቢጫ አምባር

1975 ዓ.ም. ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ባለፈው ቦንጋ ከተማ ባጃጅ ውስጥ የባትሪ አሲድ ሸተተኝና ያ ዘመን ከነጭጋጉ መጣብኝ። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንደሚወጣልኝ እጽፈዋለሁ።

እናቴ እጇ ላይ አንዲት ቢጫ አምባር ነበረቻት። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ "የከፋ ንጉሥ ሲሸሽ ጫካ ውስጥ ካስቀበረው ወርቅ ናት፤ ከዛፍ ሥር ቆፍሬ አወጣኋት" ይል ነበር። መንደራችን ማንኪራ ሁሉ ያምነዋል። እሱ ሲሞት የቀረውን ላወጣ ዶማ ይዤ ጫካ ገባሁ። ሁለት በጋ ቆፈርኩ። እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ንቡ ከላይ ያጉረመርማል፣ ብርሃኑ በቅጠል ተወንፍቶ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ወርቅ ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ቡናችን ግን ለቃሚ አጥቶ መሬት ላይ ረገፈ።

"ተው አትቆፍር፣ ቡናውን ልቀም" ትለኛለች እናቴ።

"ወርቅ መሆኗን ባስመረምርስ?" አልኳት አንድ ቀን። እጇን በሳሙና አሽታ አምባሯን አወጣችልኝ።

ቦንጋ ከጎጃም የተመደበ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። አምባሯን በሞረድ ፋቅ አድርጎ ብናኙ ላይ አሲድ ጠብ አደረገ። አረንጓዴ አረፋ ፈላ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሌላ ፈሳሽ ሲጨምርበት ደግሞ ሰማያዊ ሆነ። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

"ወርቅ ብትሆን አሲዱ አይበላትም ነበር። መዳብ አለባት፤ ናስ ናት" አለኝ። ከመሳቢያው የጥይት ቀለህ አውጥቶ እሱንም እንደዚያው ሞከረው። ያው ሰማያዊ። "ቀለህ አቅልጠው የሠሯት ትመስላለች፣ ወንድሜ።"

አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

"ወናፉን ማን የነፋ መሰለህ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ በእኛ አገር ብረት ከሚያቀልጥ ሰው ጋር አብሮ የሚበላ አልነበረም። አባቴ በተጋቡ ሰሞን የሚሰጣት ቢያጣ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቀለህ ለቃቅሞ ተደብቀው አቀለጡ። እሷ ነፋች፣ እሱ ቀጠቀጠ። ሰው ከየት አመጣሃት ሲለው የንጉሡን ወርቅ አወራ።

"ታዲያ እንደዚያ ስቆፍር ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባትህን ውሸታም ልበልልህ?" አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። አምባሯን መለስኩላት። የሞረዱ ምልክት እናቴን እስክንቀብር ድረስ አምባሯ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዶቹን ልደፍን ሄድኩ። ጎረቤታችን ሲያልፍ አየኝና፣ "አንተ ግትር፣ ወርቁ አለቀ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"የነበረችው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷን አባቴ አውጥቷታል" አልኩትና አፈሩን መመለስ ቀጠልኩ።