በኮዱ ውስጥ የቀረው የትናንት ውሃ

ቲያሚኬ በንሳንጄ ከተማ ባለ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ስትቀጠር ሥራዋ ገመድ መጠቅለልና ዘፈን ማሰለፍ ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የለመደችው በራሷ ነው። ውሎ አድሮ የሺሬ ወንዝ የውሃ ልክ ከሚወጣበት ድረ ገጽ ቁጥሩን የሚለቅም ፕሮግራም ሠራች። የገጹን ኤችቲኤምኤል ኮድ ያወርድና፣ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በሚሉት የመፈለጊያ ቀመር ቁጥሩን ከኮዱ ቅንፎች መሃል መንጥቆ ለወንዝ ዳር ሰፈሮች በስልክ መልእክት ይልካል። ሰዉም አመናት።

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከምሳ በኋላ አጎቷ ሊምባኒ ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃው ጎደለ ብለሽ ልከሽልናል አይደል?»

«አዎ አጎቴ፣ አሁን የወጣ ነው።»

«ታዲያ ዶሮዎቼ ጣራ ላይ ምን ይሠራሉ? ሊዘፍኑ ወጡ? ሰዉ እኮ አንቺን አምኖ ያወጣውን ጓዝ መልሶ እያስገባ ነው!»

ስልኩ ተቋረጠ።

ገጹን ከፈተች። በቀይ «ከአደጋው መስመር በላይ» ይላል። ኮዱን ገለጠችው። ገጹን ያዘጋጀው ሰው የትናንቱን መስመር ሳያጠፋ ገጹ ላይ እንዳይታይ በማስታወሻ ምልክት ከልሎት፣ አዲሱን ከሥሩ ጽፏል። የሰው ዓይን የተከለለውን አያይም፤ ቀመሯ ግን አይለይም፣ ፊት ያገኘውን አፈፍ ያደርጋል።

ማረሙን ትታ ወደ ስቱዲዮው ሮጠች። የስፖርት አቅራቢው ቺሶሞ ስለ ኳስ እያወራ ነበር።

«ማይኩን ስጠኝ!»

«በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን፣ ምን ሆነሻል?»

«ሰው ሊሰጥም ነው!»

ወንበሩን ለቀቀላት።

«ቲያሚኬ ነኝ። ዛሬ የላክሁላችሁ ስህተት ነው። ውሃው ሞልቷል። ጓዙን ተዉት፤ ልጆችና አዛውንቶችን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ውጡ።» ድምፅዋ እስኪዘጋ ደጋገመችው።

የአጎቷ ስልክ እስከ ማግስቱ አልሠራም። አልተኛችም፤ ፕሮግራሙ የተከለለውን ሁሉ አስቀድሞ እንዲጥል አድርጋ አረመችው፤ ደግሞም ስልኩን ሞከረች። ሲነጋ ሊምባኒ በሰው ስልክ ደወለ።

«ሁላችንም ኮረብታው ላይ ነን። በቆሎው ከነጎተራው ሄደ።»

ቲያሚኬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዛሬም ገጹን በዓይኗ ሳታይ መልእክቱን አትልክም። የአጎቷ ጎረቤት እማማ ናሲቤኮ ግን አሁንም እየደወሉ ይጠይቋታል፦ «አንቺ ነሽ ያየሽው ወይስ ያ ማሽንሽ?»