ግሪሳ ያልፈራው ማርሽ

የቆቦ ከተማ የከበሮ ቡድን ውስጥ የገባሁት ከበሮ ልመታ ብዬ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ደርግ ከገባ በኋላ በከተማችን ለሰልፍ የሚወጣ የከበሮ ቡድን ሲቋቋም የደንብ ልብሱን እንድሰፋ ታዘዝኩና ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። የዚያን ቀን ሥራዬ ትከሻና ወገብ መለካት ብቻ ነበር።

የቡድኑ አለቃ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ይባላሉ። ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳን ከምት ውጪ ከሆነ ቅር ይላቸዋል። እሳቸው ቡድኑን ሲያለማምዱ እኔ የአንዱን ክንድ እየለካሁ፣ ለካ ሳላውቀው ወለሉን በእግሬ እመታለሁ። የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር ዝም ብሎ መቆም አይሆንለትም።

«አንተ ልብስ ሰፊ! ግራ እግርህን ማን ነው ያስተማረው?» አሉኝ።

«መኪናዬ ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ ቀርቷል፣ ጓድ በል። ና ይሄን ያዝ» ብለው ትንሹን ከበሮ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ሜትሬ ከሥር ቀረ። በዚያ ግርግር የራሴን ልክ የወሰደ ስላልነበረ፣ የሁሉንም ልብስ ልክክ አድርጌ ሰፍቼ የእኔ ብቻ እስከ መጨረሻው እንደ ድንኳን ሰፊ ሆኖ ቀረ።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ትንንሽ ከበሮዎች ከፊት፣ የናስ ሳህን የምታጋጨው ጥሩነሽ ከመሃል፣ ትልቁ ከበሮ ከኋላ። ጥሩነሽ መኪና መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት፤ ክንዷ ብርቱ፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ የባሰ ነበር። የከበሮው ፊት ሲቀደድ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ስለማይገኝ የፍየል ቆዳ አልፍተን እንወጥር ነበር። ቆዳው ጤዛ ሲነካው ይላላል፣ ሲሞቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመምታታችን በፊት እሳት አንድደን ከሩቅ እናሞቀውና ዳር ዳሩን በጣታችን እያንኳኳን ድምፁን እናዳምጣለን። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር። ሁለተኛው በግራ እግር መነሣት ነው። ሦስተኛውን ሃምሳ አለቃ በየቀኑ ይደጋግሙታል፦ «የመጣው ቢመጣ ምት አይቋረጥም!»

ትልቁን ከበሮ የሚሸከመው ያሲን ነበር። ገበሬ ነው፤ መሬቱ ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲኬድ መንገዱ ዳር ነው። ሃምሳ አለቃ ለአንድ በዓል ብለው ትከሻውን አይተው ከገበሬ ማኅበሩ ተዋሱት፣ ከዚያ ሳይመልሱት ቀሩ። ልምምድ ላይ ሃምሳ አለቃ ሲቆጡ ከከበሮው ጀርባ ተደብቆ ያሾፍባቸዋል፤ እኛ ስንስቅ የምንቀጣው እኛ ነን። እንደ ያሲን የምወደው ሰው አልነበረም።

ከቡድኑ ደመወዝ የለም፤ አንድ ልማድ ግን ነበረን። የከበሮውን ማንገቻ አንዴ አንገቱ ያስገባ ሰው ቢያረጅም፣ ሥራ ቢቀይርም፣ የእኛ ነው። የአንዳችን ጣሪያ ሲያፈስ ወይም የአንዳችን ቤት ሐዘን ሲገባ ሃምሳ አለቃ ጥሩነሽ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመው ትንሹን ከበሮ ይመታሉ። የሰማ ነባርም ሆነ አዲስ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሥራውን እንሠራለን፣ ስንጨርስ እንጨፍራለን። አንዳንዴ ጭፈራው ይቀድማል።

የትልቁ ከበሮ ጣጣ ተሸካሚው የራሱን እግር አለማየቱ ነው። በአንድ የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ ወደ መድረኩ ስንታጠፍ ያሲን ከነከበሮው ቦይ ውስጥ ገባ። እኛ ወደ ኋላ መዞር ክልክል ስለሆነ መውደቁን አላየንም። የሰማነው ምቱን ነው። ዱም፣ ዱም፣ እያለ አንድም ሳያጓድል ከኋላችን እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። መድረኩ ፊት እንዲህ ሆነን አለፍን።

ሰልፉ ሲበተን ሮጠን ተመለስን። ያሲን ቦዩ ውስጥ ተንጋሏል፣ ከበሮው ሆዱ ላይ ነው፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ አሁንም ይመታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ላቁም ወይስ ልቀጥል?» አለ።

ሳቅን። ከዚያ እግሩ ተሰብሮ መጣመሙን አየንና ከበሮውን ከሆዱ ላይ አነሣንለት።

ወጌሻው አጥንቱን አቃንቶ በሸምበቆ አሰረለትና እስከ አጨዳ ድረስ እንዳይቆም አዘዘው። በየተራ እየሄድን እናጫውተዋለን። መጀመሪያ ቀልዱን አልተወም ነበር፤ ጥቅምት ሲገባ ግን ዝም አለ። ለምን እንደሆነ የነገረችን ሚስቱ ዘሃራ ናት። አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ድረስ መጣችና ቁጭ እንኳን ሳትል ጀመረች።

«ማሽላው ወተት ይዟል። ከድርቁ ወዲህ እንዲህ ያለ ማሽላ አይቼ አላውቅም፣ ማሻአላህ። ግሪሳው ደሞ ዋጃ ላይ ወርዷል አሉ። ትልቁ ልጄ ውትድርና ነው፣ የቀሩት ገና ድክድክ የሚሉ ናቸው። ብቻዬን ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ የቱን አድርሼ የቱን እመልሳለሁ? እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ትላንት ‹አላህ እግሬን ከወሰደ ማሽላውን ምነው በተወልኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም።»

ግሪሳ ያላየ ሰው ወፍ ብቻ ይመስለዋል። ማለዳ የወረደበት ማሳ ለማታ ገለባ ነው። ያ ማሽላ ካለቀ ያሲን ቤት ዓመቱን የሚበላ የለም፤ የድርቁን ዓመት ሁላችንም ስላየነው ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። ሃምሳ አለቃ ከበሮውን ከግድግዳው አወረዱ፣ በር ላይ ቆሙና መቱ።

ቡድኑ ተሰበሰበ፤ ከበሮውን ከከተማ ለማውጣት ግን የቀበሌው ሊቀመንበር መፍቀድ ነበረባቸው። ወዲያው ጠርተን አስቀመጥናቸው።

«ከበሮው ለአብዮቱ የተሰጠ ንብረት ነው» አሉ። «ለወፍ ማባረሪያ ሰጠሁ ብዬ ለበላይ አካል ምን ብዬ ላስረዳ?»

ጥሩነሽ ሻያቸውን እያስቀመጠች፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ግሪሳ የአርሶ አደሩን ላብ የሚበላ በዝባዥ አይደለም እንዴ? በዝባዥ ላይ ያልወጣ ከበሮ በማን ላይ ሊወጣ ነው?» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አሉ። ከንፈራቸው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዙት። «መፈክር ይኖራል?»

«ይኖራል!» አልን በአንድ ድምፅ።

በማግሥቱ ማለዳ ከበሮዎቻችንን አዝለን ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ነባሮቹም አልቀሩም። ከበሮ ትተው ቤተ ክርስቲያን ማገልገል የጀመሩት አባ መርሻ መጡ፤ ጭነት የሚያወርደው ሰይድም መጣ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሰልፍ መስሏቸው ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። ትልቁን ከበሮ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ መንገዴን የሚነግረኝ ሰይድ ነው። ማሳው ዳር የአገዳ እሳት አንድደን ጤዛ ያላላውን ቆዳ አሞቅን።

ግሪሳው ፀሐይዋ ብቅ ስትል መጣ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አነሡ። ተሰልፈን፣ በግራ እግር ተነሥተን፣ የማሳውን ዳር ይዘን ማርሻችንን ለቀቅነው። «በዝባዡ ግሪሳ ይውደም!» ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ። ያ ሁሉ ወፍ ቡን ብሎ ተነሣ። እልል አልን። ሕይወቴን ሙሉ ካጀብኩት ሰልፍ ሁሉ ያን ያህል ያኮራኝ የለም።

ወፉ ዞረና ከኋላችን አረፈ።

እኛም ዞርን። እሱም ዞረ። ጥቂት እንደ ሄድን ምታችንን ለመደውና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዷ ወፍ ከከበሮዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት የማሽላ ራስ ላይ ቁጭ ብላ ትለቅማለች፤ ማርያምን፣ ከምታችን ጋር እየነቀነቀች ነው የምትለቅመው።

ዘሃራ ከማማዋ ላይ፣ «ኧረ ሃምሳ አለቃ! ማጨብጨብ ብቻ እኮ ነው የቀራቸው!» ብላ ጮኸች።

ሃምሳ አለቃ ጥፋቱ የሰልፉ መሰላቸው። «መስመር አስተካክል! ትከሻ ለትከሻ!» አሉ። መስመራችን በተስተካከለ ቁጥር ወፉ ተረጋግቶ ይበላል። ረፋዱ ሲሞቅ ወፉ ራሱ ጠግቦ ወደ ግራሮቹ ሄደ። ከማሳው አንዱ ጥግ ፍሬው የተለቀመ ነጭ ቆረቆንዳ ብቻ ቀርቷል። ሃምሳ አለቃ ከበሮ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ማታ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

«ያሲንን እናምጣው» አለች ጥሩነሽ።

«ይሄን አይቶ ይሙት ነው የምትይው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ተኝቶ ከሚሰማው አይቶት ይናደድ።»

ከነአልጋው ተሸክመን ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥነው። እሱ ጋቢውን ተከናነበ። ወፉ ወደ ማታ ሲመለስ እኛም ሌላ ስለማናውቅ ማርሻችንን ጀመርን። ከጋቢው ሥር ሲቃ ሰማን። አልጋው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ከሰልፍ ወጥቼ ሮጥኩ። ጋቢውን ስገልጠው እንባው እየወረደ፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ ይገድሉኛል!» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ወፍ የለመደውን ነገር መች ይፈራል? ወንጭፍ የሚፈራው ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ሰዎቹን ይበትኗቸው፣ ምቱንም ያበላሹት!»

«ማበላሸት?» አሉ ሃምሳ አለቃ። መልካቸው ተለወጠ። ማሽላውን አዩ፣ ያሲንን አዩ። ቀጥ ብለው ቆሙና ሰጥተውት የማያውቁትን ትእዛዝ ሰጡ፦ «ቡድን! እንደ... እንደ ፈለጋችሁ... ምታ!»

በየማዕዘኑ ሮጥን። ደጋሊት የሚባለው የአገራችን ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ አንዳችን ሌላችንን አናይም። ድብልቅልቅ ያለ ጩኸት ተነሣ፣ ወፉም ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሰይድ የእኔን ምት ይዟል፣ እኔ የጥሩነሽን ይዣለሁ፣ ሁላችንም ሳንተያይ በማሽላው ውስጥ አንድ ላይ ማርሽ እየመታን ነው። ወፉ አረፈ።

«ተገናኛችሁ! ተገናኛችሁ እኮ!» እያለ ያሲን አልጋው ላይ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ሃምሳ አለቃ አፍረውም ኮርተውም፣ «ምን ላድርግ፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ አዛዡ ያሲን ሆነ። «ከዚህ ቡድን በፊት የምታውቁትን ምቱ! አባ መርሻ የቤተ ክርስቲያኑን! ሰይድ የመንዙማውን! ጥሩነሽ የሰርግ! አንተ ልብስ ሰፊ፣ መኪናህን!» አባ መርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ሰይድ ድቤ እንደያዘ ሰው ከበሮውን በመዳፉ መታው። እኔ ቁልፍ ቀዳዳ ስሰፋ እንደምረግጠው፣ ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም አደረግኩት። አሁን የሚገናኝ ምት ጠፋ። ሃምሳ አለቃ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጦር ካምፕ ውስጥ ስላደጉ ከማርሽ በፊት የሚያውቁት አልነበረም። ዘሃራ ጣሳ ወረወረችላቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጣሳውን እየደበደቡ፣ «ሂድ! ጥፋ! ከፊቴ ጥፋ!» እያሉ ማሽላው ውስጥ ሲሮጡ ሳይ ተቀምጬ ሳቅሁ።

ሊቀመንበሩ ዘመቻውን ሊጎበኙ የመጡት በዚህ መሃል ነው። «ይሄ ምን ዓይነት ሥርዓት አልበኝነት ነው?» አሉ።

«ጓድ፣ አንድ ማዕዘን ሰው አጥቷል» አላቸው ያሲን።

ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከዚያ የካኪ ኮታቸውን አወለቁና እያውለበለቡ ገቡ። መፈክሩን በገዛ ምታቸው ሲጮኹት ከሁላችንም የባሰ ያስፈሩ ነበር። ወፉ ተነሣ፣ ዞረ፣ የሚያርፍበት አጣ፣ ወደ ቆላው ሄደ።

እስከ አጨዳ ድረስ በፈረቃ ጠበቅን። ግሪሳው በተመለሰ ቁጥር ያሲን አልጋው ላይ ሆኖ ያዛል፣ እኛ እናበላሻለን። አንዱ ጥግ ተበልቷል፣ የቀረው ተረፈ። ውቂያው ላይ ያሲን በምርኩዝ ቆመ። ዘሃራ ጎተራውን ስትሞላ ከማሽላው በእጇ ዘግና ለእኛ ለሁላችንም አሳየችን።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሲመጣ የሚበላው አለው» አለች።

ልጁ በሚቀጥለው ክረምት መጣ። ከዚያ ማሽላ በላ። እኛም ሁላችን ሄደን ሲበላ አየነው።

አሁን ወጣቶቹ ከበሮ መቺዎች ከዚያ ሥራ ምን እንደ ተማርኩ ይጠይቁኛል። የተማርኩት ይህን ነው፦ ከበሮ ይዛችሁ ወደ ሰው ማሳ ስትወጡ ቆዳውን አሙቁ፣ ተበታትናችሁ ቁሙ፣ ባለማሳው ታሞ ተኝቶ ከሆነ ከነአልጋው ይዛችሁት ውጡ።